የቅዳሜ ሒሳብ

ያይኔአበባ ከምንጩ ስትደርስ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። ሦስት ነበሩ። እንስራቸውን ድንጋዩ ላይ ደርድረው ስለ ጨው መወደድ ሲያወሩ ከርቀት ሰምታቸዋለች፤ አንድ አሞሌ ጨው አሁን በሁለት ቁና ጤፍ ነው የሚለወጠው፣ የጣሊያንን ገንዘብ ደግሞ የገጠር ሰው አይነካውም ይላሉ። ቀረብ ስትል ግን ነገሩ ተለወጠ። «ለጣሊያን የምትጽፍ ጣት ትቆረጣለች ብለዋል አሉ አርበኞቹ» ያለችው የግድግዳ ጎረቤቷ እማዋይሽ ነበረች። እማዋይሽ ዞር ብላ አየቻትና በለሰለሰ ድምፅ «እንደምን አደርሽ?» አለቻት። ያይኔአበባ «እግዜር ይመስገን» ብላ እንስራዋን ደቀነች። ውሃው እስኪሞላ ድረስ ስለ ጨውም ስለ ሌላም ያነሳ አልነበረም።

በዚያ በ1931 ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ወር ቡሬ ውስጥ ወደ ጣሊያን ምሽግ እየተመላለሰች የምትጽፍ ሴት ልጅ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም የያይኔአበባ ልጅ ቻይነሽ ነች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ፊደሉንም ቁጥሩንም ያስተማራት ወደ ጦርነቱ ሄዶ ያልተመለሰው አባቷ ደረሰ ነበር። ክረምቱ እንደወጣ ለምሽጉ ሠራተኞች ውሃ ስታቀብል አጥር የሚተክሉትን ሰዎች ቆም ብላ አየቻቸውና «እንጨቱ ከበሩ አይደርስም፤ ሰባት ይጎድላችኋል» አለቻቸው። ሳቁባት። ማታ ላይ ሰባት እንጨት ጎደለ። በሳምንቱ መንበሩ የሚባለው አስተርጓሚ ከደጃቸው መጥቶ፣ መሃንዲሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጎበዝ ተማሪዎች የሒሳብ ትምህርት ስለሚሰጥ ልጅቱ ትምጣ ተብላለች አለ። ትምጣ የተባለ ሰው አልመጣም ማለት በማይችልበት ጊዜ ነበርና ቻይነሽ ሄደች። ይኸው አሁን ሰባተኛ ቅዳሜዋ ነው።

ያይኔአበባ እንስራዋን አዝላ ቤት ስትገባ ከጎታው ጀርባ ሰው ተቀምጧል። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ አንገቱ ላይ የጠበል ቅል አንጠልጥሎ፣ ለሚያየው ወደ ጠበል የሚሄድ በሽተኛ መስሎ ነበር። እጁን አይታ አወቀችው። የባሏ ታላቅ ወንድም፣ አያ ክንዱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአርበኞቹ ጋር በረሃ ሲኖር ከዚህ ቤት ረግጦ አያውቅም። ቻይነሽ ከምድጃው አጠገብ ሰፌድ ይዛ ሽምብራ ትለቅማለች። አጎትና የወንድም ልጅ መቼ እንደተገናኙ፣ ምን ያህል ጊዜ እንዲህ ዝም ብለው እንደተቀመጡ ያይኔአበባ አላወቀችም፤ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሽምብራው ድምፅ ብቻ ነበር።

«እንደምን አደሩ አያ ክንዱ?»

«እግዜር ይመስገን። በሩን መልሽው።»

መለሰችው። እንስራዋን አውርዳ ቆመች። እንጀራ ላቅርብ አላለችም፤ እሱም የተራበ አይመስልም። ክንዱ በጋቢው ውስጥ ሆኖ የቻይነሽን ጣቶች ይመለከታል። የልጅቱ ቀኝ ጣት ላይ ከሳሙናም ከአመድም የተረፈ የቀለም ነጠብጣብ አለ።

«ሾላ ሜዳን ሰምተሻል?» አለ።

«ሰምቻለሁ። ነፍስ ይማር።»

«አውሮፕላኑ አልዞረም። ሌላ ጊዜ እንደ ጭልፊት ሲዞር፣ ሲዞር ቆይቶ ነው የሚጥል፤ ሰው መሸሻ ያገኛል። ማክሰኞ ዕለት ቀጥ ብሎ መጥቶ አውድማው ላይ ቦምቡን ጣለ። አገሩ ሁሉ ለውቂያ ተሰብስቦ ሳለ። ቀኑን ማን ነገረው? ቦታውን ማን ነገረው?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ሰው ልጆቹን ይጠረጥራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሽግ የሚሄዱትን። እኔም የወንድሜ ልጅ ናት ብዬ ዝም ብያለሁ፤ ጓደኞቼ ግን ዝም አይሉም።»

ያይኔአበባ ወደ ልጇ አየች። ቻይነሽ ሽምብራ መልቀሟን አላቆመችም። ክንዱ ጎንበስ ብሎ የመጣበትን ጉዳይ ተናገረ። ከቤተክርስቲያኑ የኋላ ካብ እስከ ምሽጉ ግንብ፣ መትረየሱ እስካለበት ድረስ ርቀቱን ይፈልጋል። ጥይታቸው ጥቂት ነው፤ ርቀቱን ሳያውቁ ቢተኩሱ ያባክኑታል። ልጅቱ ሳትሄድበት መለካት ትችላለች ተብሏል፤ እንግዲያስ ዛሬ ከምሽጉ ሆና ለክታ ትምጣ፤ እሱ እስከ ሠርክ እዚሁ ይቆያል። «ካመጣች የኛ ናት። ካላመጣች ደግሞ...» አለና ቀሪውን ተወው። ያይኔአበባ ቀሪውን ከምንጩ ሰምታው መጥታለች።

ከቀትር በኋላ ነጠላዋን ለብሳ ከልጇ ጋር ወጣች። እስከዚያ ቀን አጅባት ሄዳ አታውቅም። እማዋይሽ ከደጃፏ ቆማ «ወዴት ነው በሰንበት?» አለቻት፤ ያይኔአበባም «ልጄን ልሸኝ» አለች። እማዋይሽ ዓይኗን ወደተዘጋው በር ሰደደች። የቤቱ ጭስ በጣራው ሳር መሐል ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ሰው የሌለበት ቤት እሳት ምን ያደርጋል ብላ ሳታስብ አልቀረችም። ያይኔአበባ ይህን የተረዳችው መንገዱ ላይ ከደረሰች በኋላ ነው፤ ተመልሳ እሳቱን ብታዳፍን ደግሞ ይብስ ያስጠረጥራል። መንገዱ በቤተክርስቲያኑ የኋላ ካብ ሥር አልፎ ወደ ምሽጉ ይወጣል። ቻይነሽ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትራመዳለች። እናቷ ጸሎት ይመስላት ነበር፤ ዛሬ ግን እርምጃዋን እየቆጠረች መሆኑን ገባት፤ የምትቆጥረው ለማን እንደሆነም ራሷን ጠየቀች።

መማሪያው ቀድሞ የዳኛ እልፍኝ የነበረ ሰፊ ቤት ነው። ጣሊያኖቹ ሳሩን ገፍፈው ቆርቆሮ አልብሰውታል፤ ግድግዳውን በኖራ ቀብተው የንጉሣቸውን ሥዕል ሰቅለውበታል። መቀመጫው የጥይት ሳጥን ነው። ከማጠፊያው የተነቀለ አንድ መዝጊያ ጥቁር ተቀብቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ የሚጻፈው እሱ ላይ ነው። ተማሪዎቹ ስምንት ናቸው፣ ከሚያስገብሩት ሹሞች ልጆች አምስት፣ ሌሎች ሦስት። መሃንዲሱ አጭር፣ ራሰ በራ፣ ሱሪው በጠመኔ የነጣ ሰው ነበር። ያይኔአበባን በሩ ላይ ሲያያት ራሱ ሳጥን አምጥቶ አስቀመጣት። ይህም አላማራትም። ሴት ሲያይ የሚነሳ ጣሊያን አይታ አታውቅም፤ ደግነቱ አንድ ነገር የሚፈልግ ሰው ደግነት መሰላት።

ከስምንቱ መሐል ራሱን የተላጨ አንድ ልጅ ነበር። ተስፋው ይባላል፤ አሥራ ስድስት ዓመት ይሆነዋል። አክስቱ ሾላ ሜዳ ነው የሞተችው። ከሞተች ገና አራት ቀኗ ነው፤ እሱ ግን እዚህ ተቀምጧል። ቢቀር ምን እንደሚሉት ያይኔአበባ ገመተች። ልጁ ጥቁሩን ሰሌዳ አያይም፤ የገዛ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እነሱን ያያል።

መሃንዲሱ ጥቂት ከተናገረ በኋላ ሁሉም ወደ ሜዳው ወጡ። ሜዳው ዳር ገደል አለ፤ ከገደሉ ማዶ አንድ ትልቅ ዋርካ የበቀለበት ጉብታ ይታያል። ያይኔአበባ ጉብታውን አወቀችው። የባሏ ርስት በዚያ በኩል ነው፤ ከዋርካው ሥር ምንጭ አለ፤ ከምንጩ ንጋት ላይ ውሃ የሚቀዱት እነ ክንዱ ናቸው። ባለፈው ዓመት በዚያ በኩል ስንቅ ልካላቸዋለች። ሜዳው ላይ ደግሞ ከዚህ በፊት የተተከሉ ችካሎች ቆመዋል፤ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታሉ። ልጇን በነጠላዋ ጫፍ ሳብ አድርጋ «እነዚያስ?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ባለፈው ጊዜ የለካንበት ነው። የሾላ ሜዳን አውድማ።»

«ማክሰኞ እንደሚወቃ ማን ተናገረ?»

ቻይነሽ ወደ ተስፋው አላየችም። «አስተርጓሚው ጠየቀው። እሱም አክስቴ ማክሰኞ ታስወቃለች አለ። ደስ ብሎት ነበር የተናገረ፤ ልክ የመለሰ እሱ ነበር።»

ትምህርቱ ሳይሄዱ መለካት ነው። ያይኔአበባ ከሩቅ ቆማ ተመለከተች፤ ነገሩም ካሰበችው በላይ ቀላል ሆኖ አገኘችው። አንድ ችካል ይተክሉና ከዚያ ሆነው ማዶ ያለውን ዋርካ ፊት ለፊት ያዩታል። ወደ ጎን ሃምሳ እርምጃ ሄደው ሁለተኛ ችካል ይተክላሉ፤ አምስት እርምጃ ጨምረው ሦስተኛውን። ከሦስተኛው ላይ ደግሞ ሁለተኛው ችካልና ዋርካው በአንድ መስመር ላይ እስኪገጥሙ ድረስ ወደ ኋላ ይርቃሉ። ወደ ኋላ የራቁበት እርምጃ አሥር ጊዜ ሲባዛ፣ እግር ያልረገጠው የገደሉ ርቀት ይሆናል። ለአንድ አፍታ ፍርሃቷን ረሳችው። ደረሰ ይህን ቢያይ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም ነበር አለች በልቧ።

መሃንዲሱ ቻይነሽን ጠራት። ልጅቱ ከሦስተኛው ችካል ተነስታ ዓይኗን ዋርካው ላይ ተክላ ወደ ኋላ ሄደች፣ ቀጥ ብላ፣ ሳትደነቃቀፍ። አርባ አንድ ላይ ቆመች።

«ገጥሟል» አለች። «አራት መቶ ዐሥር።»

መሃንዲሱ ከኋላዋ መጥቶ በርከክ አለና አየ። ራሱን ነቀነቀ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ደግሞ አየ። ከዚያ እጇን ይዞ ወደ ኋላ ሃያ አንድ እርምጃ ወሰዳት፤ ጣቱንም ወደ ችካሉና ወደ ዛፉ ዘረጋ። ስድስት መቶ ሃያ ነው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ቻይነሽ ስትሳሳት አይተው አያውቁም። ያይኔአበባ ግን የልጇን ፊት አየች፣ አባቷ ሲቆጣት እንኳ የማትሰብረውን ያንን ፊት፤ የተሳሳተ ሰው ፊት አልነበረም። አውቃ ነው። ልጅቱ ጉብታው ላይ ማን እንዳለ ታውቃለች፣ ከመጀመሪያውም ታውቅ ነበር፤ እናቷ በሰባት ሳምንት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀቻትም።

ያይኔአበባ ሌላም ነገር ያስተዋለችው ያን ጊዜ ነው። የጣሊያኖቹን ቋንቋ አታውቅም፤ ስለማታውቀው የምትሰማው ርዝመቱን ብቻ ነው። መሃንዲሱ ሦስት ቃል ያህል ተናግሮ ዝም አለ። መንበሩ ግን መተርጎም ከጀመረ አልጨረሰም። «የተሳሳተ ሰው ይታረማል ይላል። የዚያ ጉብታ ስምስ ማን ይባላል? ከሥሩ ምንጭ አለ ይባላል፤ ማን ነው የሚቀዳው? የአባትሽ ርስት በዚያ በኩል አይደለም ወይ?» መሃንዲሱ መልሱን አይጠብቅም፤ ጎንበስ ብሎ ችካሉን ያቃናል። መልሱን የሚጠብቀው መንበሩ ነው፤ ትንሽ ደብተሩን ከደረቱ ኪስ አውጥቶ እርሳሱን ይዟል።

«አላውቅም» አለች ቻይነሽ።

ተስፋው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ማለት እንደሚቻል ያልጠረጠረ ይመስል ነበር፤ ወዲያው ፊቱን አዞረ።

ትምህርቱ ሲበተን መንበሩ እስከ በሩ አብሯቸው መጣ። ቡሬ አቅራቢያ ተወልዶ አሥመራ ያደገ፣ አፉ የሚጣፍጥ ሰው ነበር። ስለ ብርዱ አነሳ፤ ስለ ጾሙ አነሳ። «ልጅሽ ዛሬ ምን ነካት?» አለ ቆይቶ። «እንዲህ ያለ ስህተት የምትሳሳት ልጅ አይደለችም። ወይስ ቤት እንግዳ መጥቶ አላስተኛችሁም?»

ያይኔአበባ እማዋይሽን አሰበች፤ የጣራውን ጭስ አሰበች። ሳቅ ብላ «አይ አቶ መንበሩ» አለች። «አንቱንም አታለለችዎ? ይች ልጅ እኮ ቁጥር አታውቅም። የአጥሩን እንጨት ሠራተኞቹ ሲያወሩ ሰምታ ነው፤ ሰባት ይጎድላል ሲሉ። እዚህም የሌሎቹን አፍ እያየች ነው የምትመልሰው። እኔ እናቷ አፍሬ ዝም ብዬ ነው እንጂ የገዛ ጣቷን ቆጥራ አትጨርስም። አባቷ ከቀረ ወዲህ ልቧም ደህና አይደለም።»

ቻይነሽ ከጎኗ ቆማ ሰማች። መንበሩ ልጅቱን ከላይ እስከ ታች አያት፤ የሰማውን ማመን የፈለገ ይመስላል፤ ጎበዝ ልጅ ተሳስታ ከተገኘች ጥያቄው ብዙ ነው፤ ደደብ ከሆነች ግን ነገሩ እዚያው ያልቃል። በዚህ መሐል መሃንዲሱ ከኋላቸው ደርሶ ለቻይነሽ አንድ ነገር ተናገረ፤ ፈገግ ብሎ፣ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ። መንበሩ ተረጎመ፦ «ከእንግዲህ አትምጣ ብሏል።»

መንገዱን አጋምሰው ሰው በሌለበት ሲደርሱ ቻይነሽ ቆመች። «እንደዚያ አላለም» አለች። «ጥቂት ጥቂት እሰማለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ ነይ ነው ያለኝ።» ልጅቱ መንገዷን ቀጠለች፤ ከንፈሯ ግን አይንቀሳቀስም፤ አልቆጠረችም።

ክንዱ ከጎታው ጀርባ አልተንቀሳቀሰም ነበር። ሳይቀመጡ «እህሳ?» አላቸው። ያይኔአበባ በሩን ዘጋችና ያየችውን ነገረችው። «ልጆቹ አይደሉም፤ መሃንዲሱም አይመስለኝም፤ ጠያቂው አስተርጓሚው ነው፤ ርቀቱን በልጆቹ እግር፣ ስሙንና ቀኑን በልጆቹ አፍ ይሰበስባል። ዛሬ የጠየቀው የዋርካውን ምንጭ ነው። ከነገ ጀምሮ ከዚያ እንዳትቀዱ።»

ክንዱ ጋቢውን ከአፉ አወረደ። «ቋንቋቸውን አታውቂ፤ በምን አወቅሽ?»

«ቃሉን ቆጠርሁት። ያኛው ሦስት ሲናገር ይኸኛው ሃያ ይተረጉማል።»

ለረጅም ጊዜ አያት። አላመናትም ማለት አይቻልም፤ አመናት ማለትም አይቻልም። በሁለት ዓመት በረሃ ውስጥ ሰውን የሚያይበት ዓይኑ እንዲህ ሆኖ ቀርቶ ይሆናል። ከዚያ ወደ ቻይነሽ ዞረ። «የመትረየሱስ ርቀት?»

ቻይነሽ አፏን ስትከፍት ያይኔአበባ ቀደመቻት። «አታውቅም። አባረሯት። የተባለላት ሁሉ ባዶ ወሬ ነው አያ ክንዱ፤ ቁጥር የሚባል ነገር አይገባትም።» ይህን ስትል ሳቅ አላለችም፤ ለሱ ሳቅ አይሆንም። ርቀቱን ብትነግረው ነገ ሌላ ርቀት፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ምሽግ ይመጣል፤ ልጅቱ አንድ ቀን እንደ ተስፋው እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታያለች።

ክንዱ እጁን ወደ ሰፌዱ ሰደደና ሽምብራ ዘግኖ መሬት ላይ በተነ። «ስንት ነው?»

ቻይነሽ ሽምብራውን አየች። አንድ ጊዜ ማየት ይበቃት ነበር፤ ሁልጊዜም ይበቃታል። ከዚያ እናቷን አየች፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ። ጎንበስ ብላ በጣቷ እየነካካች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አንዱን ሁለት ጊዜ እየቆጠረች ብዙ ቆየች።

«ሃያ... ሃያ ስምንት» አለች።

ክንዱ ራሱ ቆጠረ። ሠላሳ አራት ነበር። በአፍንጫው የንቀት ሳቅ ሳቀ። «ለዚህ ነው አገር የሚታመሰው» አለና የጠበል ቅሉን አንገቱ ላይ አስተካከለ። ለጓደኞቹ የሚናገረውን አግኝቷል፤ ልጅቱ ተላላ ናት ይላቸዋል፤ ተላላን ማንም አይነካም። ስለ ምንጩ ግን በሩ ላይ ሲደርስ «ነግሬያቸው እንርቃለን» አለ። ተከናንቦ ወጣ። ምሽጉ አካባቢ ደወል ሲደወል፣ ከብቶች ሲገቡ፣ የእማዋይሽ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ጥሪም ጩኸትም አልመጣም። ያይኔአበባ በሩ ሥር ቆማ ብዙ ከጠበቀች በኋላ ክፉው ያለፈ መሰላትና ተቀመጠች።

ብርሃኑ ከቤቱ ሊወጣ ትንሽ ቀርቶታል። ቻይነሽ የተበተነውን ሽምብራ መልቀም ጀመረች። «ለአስተርጓሚው ያልሽውን» አለች ሳታያት፣ «እውነትሽን መስሎኝ ነበር። ላጎቴ ስትደግሚው ነው የገባኝ።» ያይኔአበባ ወደ ልጇ ተጠጋች። ልትላት የፈለገችው ብዙ ነበር፤ ወደ ኋላ ስትራመድ እንዴት ቀጥ ብላ እንደሄደች፣ አባቷ ቢያይ ምን ይል እንደነበር። አንዱም አልወጣላትም። ዝምታዋን ቻይነሽ ጥያቄ አድርጋ ወሰደችው መሰል፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ በራ።

«የመትረየሱን እኮ አውቀዋለሁ እማዬ። መንገድ መንገዱን እየቆጠርሁ ነበር ስንሄድ። ከቤተክርስቲያኑ ካብ እስከ ግንቡ...»

ያይኔአበባ አፏን በመዳፏ ከደነችው። ልትሰማው ከምንም በላይ ትፈልግ ነበር፤ ግን የሰማችውን ነገር አንድ ቀን ደብድቦ የሚያስወጣት ሰው ሊመጣ ይችላል፤ ከምሽጉም ይሁን ከበረሃው። ልጅቱ አልታገለቻትም። ከመዳፏ ሥር ግን ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፣ በዝግታ፣ ቁጥሩን እየተናገረ። ያይኔአበባ ከንፈሩ ጸጥ እስኪል ድረስ እጇን አላነሳችም።